የባሮ ዳሩን ወደብ «የቅኝ ገዥዎች ንብረት» ላላችሁን፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጋምቤላ

ለተከበራችሁ የቅርስና የቱሪዝም ጉዳይ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ወረቀት ደርሶናል። ጽሑፉ ሁለት መስመር ተኩል ነው። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ጋምቤላ ከተማ ባሮ ዳር ያለው የድሮው የእንፋሎት መርከቦች ማረፊያ በቅርስነት እንዲመዘገብ ጠይቀን ነበር። መልሳችሁ ቦታው «የቅኝ ገዥዎች ንብረት የነበረ በመሆኑ» ጥያቄውን ለመቀበል እንደምትቸገሩ ይናገራል። ከዚያ «ከሰላምታ ጋር» ይላል። አለቀ።

እኛ ጥቂት የታሪክ መምህራንና ከተማዋን የምናስጎበኝ ወጣቶች ነን። ቢሮ የለንም። የምንሰበሰበው ማንጎ ጥላ ሥር ነው። ጉዳዩን በአካል ለማስረዳት ሦስት ጊዜ መጥተን፣ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ተመልሰናል። ለአራተኛ ጊዜ ከምንመላለስ፣ ሰው ሁሉ እያነበበው ብጽፍላችሁ ይሻላል ብዬ ነው። ሙገሳ አትጠብቁ። ስድብም የለበትም።

ከራሱ ከወረቀቱ ልጀምር።

አጼ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙትን ውል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የሕዳሴው ግድብ ክርክር ከተነሳ ወዲህማ ሦስተኛው አንቀጽ ያልተጠቀሰበት የቴሌቪዥን ውይይት ያለ አይመስለኝም። ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውኃ የሚያወራው ማለቴ ነው። ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን አንቀጽ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሱ የኛ ሰፈር አንቀጽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳንን የያዘው የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ይከራያል። መሬቱ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር አይበልጥም። ስፋቱም ከ400 ሄክታር አያልፍም። ለፖለቲካም ለጦር ሥራም አይውልም። ኪራዩ ደግሞ የሚጸናው ሱዳን በዚያ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ይፍረድ። ተከራይ ስለኖረበት ቤቱ የተከራይ ይሆናል? አከራይዋ ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ የውሉ ጊዜ አበቃ፣ በዚያው ዓመት ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። «እስካለች ድረስ» የምትለዋ ሐረግ ሥራዋን ሠራች። አንድን ቁራሽ መሬት በቅድመ ሁኔታ አከራይቶ በቅድመ ሁኔታው መልሶ መረከብ እንዴት ነው የቅኝ ግዛት ታሪክ ብቻ የሚሆነው? እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው የዲፕሎማሲ ታሪክ ብዬ ነው።

በነገራችን ላይ አምና ያንን 2,000 ሜትር ከተማሪዎቼ ጋር በእግራችን ሄደንበታል። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፀሐይ ከበረታ ሠላሳ። ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ካጋጠሙ ደግሞ አንድ ሰዓትም አይበቃ። ልጆቹ መጨረሻ ላይ «ይቺ ናት እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ይቺ ናት። ሁለት መንግሥታት ቁጭ ብለው በሜትር የተደራደሩባት።

ኢታንግ ቀርቶ ጋምቤላ የተመረጠችው ለደጋው ስለምትቀርብ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ። ከካርቱም የሚነሱት መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይዘው ማላካል አካባቢ ወደ ሶባት ይታጠፋሉ። ናስርን አልፈው ባሮ ይገባሉ። መንገዱ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። በክረምት በወር ሁለት ጊዜ ይመጡ ነበር። ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን፣ ቁልቁል ሰባት ቀን። በበጋ ባሮ ይሸሻል። ዛሬ ልጆች በእግራቸው ገብተው ዓሣ የሚያጠምዱበት ቦታ ነውና፣ መርከቡ ውኃው ሳይሸሽ መመለስ ነበረበት። ካልቻለ እስከ ቀጣዩ ክረምት አሸዋ ላይ ነው።

ስለ መርከቦቹ ትንሽ ላውራ። ለቅርስ መዝጋቢ የሚጠቅም ነገር ነው።

ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው። ጥልቀት የሌለው ወንዝ ላይ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ከኋላቸው እንደ ወፍጮ መዘውር ያለ ትልቅ መንኮራኩር አለ። (መንኮራኩር ስል የጠፈሩን አይደለም፤ ባለ ቀዘፋ ጎማውን ነው።) እንፋሎቱ መንኮራኩሩን ያዞራል፣ የመንኮራኩሩ ሳንቃዎች ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ መርከቡ ወደፊት ይሄዳል። በውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ጥርስ (ፕሮፔለር) ቢኖራቸው ኖሮ አሸዋና ሥር ላይ ተሰብሮ ይቀር ነበር። ጭነቱ የሚበዛው በራሱ በመርከቡ ላይ አይደለም፤ ባርጅ የሚባሉ ሞተር የሌላቸው ጠፍጣፋ ጀልባዎች በግራ በቀኝ ይታሰሩና አብረው ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰፈር እየተንሳፈፈ የሚመጣ ይመስላል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ነዳጁ እንጨት ነው። በወንዙ ዳር በየተወሰነ ርቀት ፍልጥ የሚከመርባቸው ቦታዎች ነበሩ። እንጨቱን የሚቆርጠው እንግሊዝ አልነበረም።

ሱዳኖች የወንዝ መርከብን «ባቡር» ነው የሚሉት። ከፈረንጁ የእንፋሎት ቃል የመጣ ነው። እኛ ያንኑ ቃል ወስደን ለሐዲዱ ሰጠነው፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ የእህል ወፍጮውንም ባቡር አልነው። ስለዚህ አንድ የጋምቤላ ሽማግሌ «ባቡር መጣ» ሲሏችሁ የድሬዳዋውን እንዳይመስላችሁ።

ምን ይጫን ነበር? በዋናነት ቡና። የጎሬ፣ የቡሬ (የጎጃሙ አይደለም፣ የኢሉባቦሩ)፣ የሳዮ ቡና። ሰምና ቆዳም ይወርዱ ነበር። በምትኩ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል። ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ። በዚያ ቁልቁለት በቅሎና ሰው ነው ተሸክሞ የሚያወርደው። አዲስ አበባ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 ከገባ በኋላም ለጎሬ ነጋዴ ከዋና ከተማው ይልቅ ባሮ ነበር ቅርቡ። ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች መጥተው ሱቅ የከፈቱት ለዚህ ነው። የምዕራቡ ደጋ ደጃፍ እዚህ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአኙዋ አዛውንት አነጋግሬ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቤተሰባቸው ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ያውቃቸዋል። በወጣትነታቸው ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመልኝ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠናል። ከወንዙ ዳር ወደ ባርጁ በምን እንደሚሻገሩ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ተነሱ። በር ላይ የተጋደመች አንዲት ሳንቃ ነበረች፤ አስመጡና ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ጆንያ የለም፣ ትራስ ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በዚያ ዕድሜ ሳንቃዋ ላይ ወጡ።

«ሳንቃው ይዘላል» አሉኝ። «አንተ ከሱ ቀድመህ ከረገጥክ ይጥልሃል። ዘግይተህ ከረገጥክም ይጥልሃል። እሱ ሲነሳ ነው እግርህን የምታነሳው።» እየሄዱ አሳዩኝ። ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ፣ ትንሽ ዘርጋ። ትራሱ ንቅንቅ አላለም። የልጅ ልጃቸው ማስተርጎሙን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል። ከፊታቸው ያለው ሰው ከወደቀ ከኋላ ያለውም አብሮ እንደሚወድቅ፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ምት እንዲሄድ እንደሚዘፍኑ ነገሩኝ። ዘፈኑን እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። «በሌላ ቀን፣ አሁን ደከመኝ» አሉ።

ሌላው ቀን አልመጣም። መቅረጫ ይዤ ለመመለስ ለመሥሪያ ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ ጠይቄ ነበር። ሰባት ወር ፈጀ። ደብዳቤው ሲመጣ እሳቸውን ከቀበርን አምስት ሳምንት ሆኖን ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። የትብብር ደብዳቤው አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ፈልጋችሁ ከሆነ እመልሳለሁ።

ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። «የቅኝ ገዥዎች ንብረት» ስትሉ ያቺ ሳንቃ የማን እንደነበረች እንድታስቡ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ብረቱ ነው። ማረፊያው ላይ መርከቦች የሚታሰሩባቸው ወፋፍራም የብረት ምሰሶዎች ነበሩ። እኔ ስደርስባቸው ሦስት ናቸው። ወገባቸው ላይ ገመድ የበላው ጎድጓዳ መስመር አለ፤ ጣታችሁን ብታስገቡ ይገባል። ተማሪ ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው፤ ጣታቸውን እንዲያስገቡ። ብረትን የሚበላ ገመድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ልጅ በራሱ ጣት ይገባዋል። ከዚያ ጥቂት ቀናት ሳንሄድ ቆይተን አንድ ሰኞ ጠዋት ስንደርስ አንድ ብቻ ቀርቷል። አካባቢው ተቆፍሯል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

ቆራሌው ጋ ሄድን። ልጁ ደግ ልጅ ነው፣ አልዋሸንም። ገዝቶ በአይሱዙ ወደ መሐል አገር ጭኖታል። «አስተማሪ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ብረት ነው፣ በኪሎ ነው የገዛሁት» አለኝ። እውነቱን ነው። ማን ቅርስ ነው ብሎ ነገረው? ምንም ምልክት የለበትም፣ ምንም መዝገብ የለውም። እኛ ለናንተ በጽሑፍ አመለከትን። «ያልተመዘገበ ስለሆነ በሕግ መጠየቅ አይቻልም» ተባልን። መዝግቡልን ስንል ደግሞ የባዕድ ነው ትሉናላችሁ። በሁለቱ መካከል ብረቱ ሄደ።

ሦስተኛው ሰሌዳው ነው። ይህኛው አጭር ነው። አምና ወንዝ ዳሩ ላይ አንድ የሚያምር ሰሌዳ ተተከለ፤ ስለ ቀለሙ ቅሬታ የለንም። ጽሑፉ ግን ውሉ «በ1902 ዓ.ም.» ተፈረመ ይላል። 1902 የፈረንጅ ነው። በኛ 1902 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ በጽኑ ሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። አገሪቱን የያዙት እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። እንግዲህ በሰሌዳችሁ መሠረት ምኒልክ በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ከሃሪንግተን ጋር በሜትር ሲደራደሩ ማለት ነው። ዓ.ም. የምትለዋን አጥፍቶ እ.ኤ.አ. ለማለት ግማሽ ሊትር ቀለም ይበቃል። ቀለሙን እኛ እንገዛለን ብለናል፤ ፈቃድ የለም ተባልን።

ደግሞም ሰሌዳው «ወደቡን እንግሊዞች መሠረቱ» ይልና ያቆማል። አኙዋ ይህን ወንዝ ኦፔኖ ብለው እንደሚጠሩት አይናገርም። ስለ ኑዌር የለም። ቡናውን ከደጋ ስላወረደው የኦሮሞ ነጋዴና በቅሎ ነጂም የለም። የባዕድ ታሪክ ስለሆነ አንመዘግብም ያለ መሥሪያ ቤት ሰሌዳው ላይ ከባዕዱ በቀር ማንንም አለመጥቀሱ ገርሞናል።

ራስ ተሰማን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ወደዚህ ወንዝ የመጣነው ከእንግሊዝ በኋላ አይደለም። ኢሉባቦርን ያስተዳድሩ የነበሩት ተሰማ፣ ያኔ ደጃዝማች፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1898 ባሮንና ሶባትን ቁልቁል ተከትለው ጦራቸው ነጭ ዓባይ ደረሰ። ሰንደቅ ተከሉ። ወባው ሠራዊቱን ስለፈጀባቸው አልቆዩም። ፈረንሳዊው ካፒቴን ማርሻን በኮንጎ በኩል አድርጎ ነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ፋሾዳ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ማርሻን ፋይደርብ የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ነበረችው። ተፈታትታ፣ በሰው ትከሻ ጫካ አቋርጣ፣ የናይል ገባር የሆነ ወንዝ ላይ እንደገና የተገጠመች ናት። እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር መጥቶ ፋሾዳን እንዲለቅ ሲገደድ፣ ማርሻን የተመለሰው በየት ይመስላችኋል? በኛ በኩል። በሶባት፣ በባሮ። ውኃው አልሄድ ሲለው ፋይደርብን ባሮ ላይ ትቶ በእግሩ ወደ ጎሬ ወጣ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጂቡቲ። አውሮፓን ጦርነት አፋፍ ላይ ያደረሰ ጉዳይ ፍጻሜው እዚህ ደጃፋችን ላይ ነው ያለፈው። ለቱሪስት ይህን ስነግረው ካሜራውን ያወርድና ያዳምጠኛል።

የጣሊያን ጊዜም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ነበረች፣ መሪው ራስ እምሩ። ጎሬ ከውጭው ዓለም የምትገናኝበት በር ይኸው ወንዝ ነበር። በኋላ ጣሊያን ሲባረር ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ ደረሱ። ከዚህ ወደ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ወጡ። የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ በሰኔ መጨረሻ 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠው እዚያ ነው። የኮንጎ ልጆች ለኢትዮጵያ ነጻነት የሞቱበት ዘመቻ መነሻው ይህ ዳርቻ ነበር። ከኪንሻሳ አንድ እንግዳ መጥቶ ቦታውን አሳዩኝ ቢል ምን እናሳየው? አንድ ምሰሶና አንድ የተሳሳተ ሰሌዳ።

«የጠላት ዕቃ ነው» የሚል ስጋት ካላችሁ ጎረቤት እዩ። ቦርዴን የምትባል በጎን ባለ መንኮራኩር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1869 ለንደን ውስጥ ተሠርታ ናይል ላይ ትሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርዶን ካርቱም ውስጥ በማህዲስቶቹ (እኛ ድርቡሽ በምንላቸው) ሲከበብ የሱ መርከብ ሆነች። በ1885 ሊታደጉት የሚሄዱትን ወታደሮች ይዛ ካርቱም ስትደርስ ከተማዋ ከወደቀችና ጎርዶን ከተገደለ ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። በመልሱ ጉዞ ዓለት መታት። ማህዲስቶቹ ከውኃ አውጥተው ለራሳቸው ተጠቀሙባት። በ1898 እንግሊዝ መልሶ ወሰዳት። ሱዳኖች ጎርዶንን ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ፤ የመርከቡን ቅሪት ግን ኦምዱርማን ላይ አቆዩት። ድል ያደረጉት ሰው ዕቃ ስለሆነ ነው እንጂ እሱን ስላፈቀሩት አይደለም። ግብፅ ውስጥማ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት «ሱዳን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ እስከዛሬ ከሉክሶር አስዋን ቱሪስት ታመላልሳለች። መንኮራኩሯ አሁንም ይዞራል።

የመጨረሻው ቅሬታ የወጣቶቹ ነው። አስጎብኚዎቻችን እንግዳ ይዘው ወንዝ ዳር ሲወርዱ ጥበቃዎች ያስቆሟቸዋል። «ፎቶ ክልክል ነው» ይባላሉ። ማን ከለከለ ሲሉ መልስ የለም። ባለፈው ጥቅምት አንዷ ልጃችን ሁለት አረጋውያን እንግዶች ይዛ ሄዳ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆማለች። እንግዶቹ ይቅርታ ጠይቀው የከፈሏትን ትተውላት ሄዱ። እሷ ግን ገንዘቡን መልሳ ላከችላቸው፣ አላሳየኋቸውማ ብላ። ያን ቀን የወሩ ብቸኛ ሥራዋ ነበር። ጥበቃውን አንወቅስም። እጁ ላይ አንዲት ወረቀት ቢኖረው ያስገባቸው ነበር፣ እሱም ራሱ ብሎናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ጥያቄያችን እንደገና ይታይ። ስታዩት ውሉን ከነአራተኛው አንቀጹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ግልባጩን እኛ እናመጣለን።

የቀረችው አንድ ምሰሶ ሳትነቀል በፊት ምልክት ይደረግባት። ምዝገባው ዓመት ቢፈጅ እንኳ ለቆራሌዎችና ለወረዳው የሚበተን አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ዛሬ መጻፍ ይቻላል።

ሰሌዳው ይታረም። ቀለሙ አሁንም በኛ ነው። ኦፔኖ የሚለው ስም ይግባበት። ጽሑፉ በአኙዋኛና በኑዌርኛም ይሁን።

መርከቦቹን ያዩና የጫኑ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጥቂት ናቸው። አገልግሎቱ የቆመው በደርግ ጊዜ ስለሆነ ያኔ ወጣት የነበረው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ድምፃቸውን ለመቅዳት የትብብር ደብዳቤ ሳንጠብቅ እንድንሠራ አንድ ጊዜ የማያዳግም ፈቃድ ስጡን። መቅረጫው አለን። ባትሪም አለን። አራት ሰዎች ለይተናል፤ ሁለቱ ኢታንግ ናቸው፣ አንደኛው ታመዋል።

እንግሊዝ አገር ዱርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዛግብት የሚባል ትልቅ ክምችት አለ። የዚያ ዘመን የሱዳን ባለሥልጣናት ወረቀትና ፎቶ የተሰበሰበበት ነው። ጋምቤላን የሚመለከተው ክፍል ግልባጭ እንዲሰጠን በመሥሪያ ቤታችሁ ስም ደብዳቤ ይጻፍልን። አንድ መምህር ከጋምቤላ ቢጽፍና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢጽፍ እኩል እንደማይታይ ታውቃላችሁ።

ለአስጎብኚዎቹ የወንዝ ዳር መግቢያ ወረቀት ይሰጣቸው። ለጥበቃዎቹም ግልባጭ ይድረስ።

ለመነጋገር ብትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ማንጎው ሥር አለን። መጀመሪያ ምሰሶዋን እናሳያችኋለን። ጣታችሁን ጎድጓዳው ውስጥ አስገቡና ከዚያ እንቀጥላለን።

ከአክብሮት ጋር

የባሮ ዳር አስጎብኚ ወጣቶችን ወክሎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር
ጋምቤላ